ኦቡልድ ሜኒ-አሮውስ

በ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጨዋታ ምናባዊ ዓለም፣ በ«ፎርጎተን ሪልምስ»፣ ኦርክ የተባሉትን ፍጡራን የተበታተኑ ነገዶች በአንድ ዐርማ ሥር ያሰለፈ የጦር አበጋዝ፤ በኋላም ንጉሥ። ስሙን ያገነኑት የአሜሪካዊው ደራሲ የአር. ኤ. ሳልቫቶሬ ልብ ወለዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በታተሙት ሦስት መጻሕፍት ኦቡልድ ከበረዶ ግዙፋን ጋር አብሮ የድንክዬዎቹን ምሽግ ሚትራል ሆልን ይወጋል፤ አንድ ዓይና የሆነው የኦርኮች አምላክ ግሩምሽም ኃይሉን ያበዛለታል።

ትልቅነቱ ግን በክንዱ አይደለም። አብዛኞቹ ምናባዊ ወራሪዎች እስኪገደሉ ድረስ ያጠፋሉ፤ እሱ ግን ድንበርና ንግድ ያለው አገር ለወገኖቹ ተመኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው «የኦርክ ንጉሥ»፣ ጦርነቱ እንዲቀጥል ከሚሹ ኦርኮች ጋር ተጋጭቶ፣ ከድንክዬዎቹ ንጉሥ ከብሩኖር ጋር የሰላም ውል ተፈራረመ። መንግሥቱም በስሙ ሜኒ-አሮውስ ተባለ።