ከዲስክ ወደ ዲስክ፦ ቅጂ፣ ክፍተትና የታሪክ ምንጭ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ የምናገረው ስለ አንድ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ነውና። ሆኖም ምንጮቻችን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተሻገሩበት በዚህ ዘመን የዲስክ ዕድሜ ጉዳይ የምንጭ ጥበቃ ጉዳይ ሆኗል። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የጀመረው በራሴ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ከአረጋውያን የሰበሰብኋቸው ቃለ ምልልሶች በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አንድ ማለዳ ፋይል ልከፍት ስል ማሽኑ ከወትሮው ዘገየ፤ ከውስጡም አልፎ አልፎ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከተናጋሪዎቹ አንዳንዶቹ አርፈዋልና ተመልሼ ልጠይቃቸው አልችልም። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም፤ ጥፋቱም የእኔው ነበር።

ያ ድምፅ ምን እንደሚነግረን ለመረዳት ወደ 1956 ልመለስ። በዚያ ዓመት አይቢኤም በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ የሠራውን ራማክ የተባለ ማሽን ይፋ አደረገ። የዲስክ ክፍሉ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች ነበሩት፤ በጠቅላላው የሚይዘው 5 ሚሊዮን ምልክት ነበር። በመግነጢሳዊ ጥብጣብ ላይ የተመዘገበን ነገር ለማግኘት ጥብጣቡን መተርተር ግድ ሲሆን፣ የራማክ ክንድ ግን በቀጥታ ወደሚፈለገው ስፍራ ይሄድ ነበር። በ1980 ሲጌት የተባለው ኩባንያ 5 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ በእጅ በሚያዝ ሣጥን ውስጥ አቀረበ።

ይህ መጥበብ ዋጋ አለው። ዲስኩን የሚያነበው ጫፍ ገጹን ሳይነካ በስሱ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ የዛሬው ርቀት የሚለካው በናኖሜትር ነው። ጫፉ ገጹን ከነካ ምዝገባው ይፋቃል። በተጨማሪም ዲስኩ አንድ ሴክተር ሲደክምበት በመጠባበቂያ ሴክተር ይተካዋል እንጂ ለባለቤቱ አይናገርም። ስማርት የተባለው የውስጥ መቆጣጠሪያ ይህን ይመዘግባል፤ መዝገቡን የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ሕመሙ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው።

የጠራሁት ባለሙያ የመጀመሪያ ቃሉ «መምህር፣ አሁኑኑ ያጥፉት» የሚል ነበር። ድምፁ የማያቋርጥ ቢሆን ኖሮ ዲስኩ ከብናኝ በጸዳ ክፍል ውስጥ መከፈት ያስፈልገው እንደነበረም ነገረኝ። ከዚያም አሮጌውንና አዲሱን ዲስክ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘ። በአሮጌው ላይ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳይጻፍ አድርጎ፣ ዲዲረስኪው በተባለው ነፃ ፕሮግራም መገልበጥ ጀመረ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል በፍጥነት ይወስዳል፤ የታመመውን ስፍራ ዘልሎ አድራሻውን ይመዘግባል፤ ወደዚያ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። ዲስኩ በመካከል ቢሞት እንኳ የሚበዛው ድኗል ማለት ነው። ፋይሎቹን መፈተሽ የጀመርነው ከአሮጌው ዲስክ ሳይሆን ከቅጂው ላይ ነው።

ከአንድ ቃለ ምልልስ በቀር ሁሉም ተረፈ። በዚያ ቅጂ ላይ አንድ አዛውንት የመንደራቸውን የርስት ክርክር ይተርካሉ፤ ምስክሮቹን በስም መጥራት ሲጀምሩ ድምፃቸው ይቋረጥና ከ4 ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ያልተነበበው ስፍራ በባዶ ስለተሞላ የፋይሉ ርዝመት አልተለወጠም። ታሪኩን የማያውቅ አዳማጭ አዛውንቱ ስሞቹን ላለመናገር ዝም አሉ ብሎ ሊያስብ ይችላል። የዲስክ ብልሽት የምስክር ዝምታ መስሎ ታሪክ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

አንዳንዶቹን ስሞች አስታውሳለሁ፤ በጽሑፉ ውስጥ ልሞላቸውም ከጅሎኝ ነበር። አላደረግሁትም። በስፍራው «እዚህ 4 ደቂቃ በዲስክ ብልሽት ጠፍቷል» ብዬ ጻፍሁ። የማስታውሰውን ለብቻው፣ የእኔ ትውስታ መሆኑን ገልጬ አኖርሁት።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። የብራና መጻሕፍት ወደ እኛ የደረሱት ብራና ስለማያረጅ ሳይሆን ሳያልቅ ስለተገለበጡ ነው፤ የተዘለለው ቃልም በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳግ ታርሞ ይታያል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በፊልም አነሣ። ፊልሞቹ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ባለው ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጡ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ካታሎግ አዘጋጁላቸው። አሁን ደግሞ ከፊልም ወደ ዲጂታል ምስል ተሻግረዋል። በየመሻገሪያው ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ የጎደለው ቅጠል ከመጀመሪያውኑ የጎደለ ነው ወይስ በመሻገር ላይ የጠፋ? ይህን የሚመልሰው የገልባጩ ማስታወሻ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ምንጭ የምትሰበስቡ ተማሪዎች፣ ቢያንስ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱም በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ፋይል ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር መዝግቡ፤ ከግልበጣ በኋላ ቁጥሩ ከተለወጠ ፋይሉም ተለውጧል። ዲስኩን መቼ እንደቀየራችሁና ምን እንደጠፋ ደግሞ ከምንጩ ጋር በጽሑፍ አኑሩ። አሮጌው ዲስኬ ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በላዩ ላይ የለጠፍሁት ወረቀት የተቀየረበትን ቀንና የእነዚያን 4 ደቂቃዎች መጥፋት ይናገራል።