ከተዋበች እስከ ጀሚላ፦ የስማችን ታሪክ ከሐበሻ እስከ ድንበር ማዶ

ባለፈው ረጀብ ወር የልጄ ሚስት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ አልሐምዱሊላህ። እኛ ያለነው ናይሮቢ ኢስሊ ነው፣ እናቴ ደግሞ ከሚሴ ናት። ስድስት ቀን ሙሉ ቤታችን በስም ጉዳይ ለሁለት ተከፈለ። ልጄ ከስልኩ ላይ አንድ የሚያምር የዐረብ ስም አግኝቷል፤ ትርጉሙ ምንድን ነው ሲባል ግን የሚመልስ የለም። እናቴ በበኩሏ በስልክ «የእናቴ ስም ይነሣልኝ» ትላለች። የእናቷ ስም ተዋበች ነው። ልጄም «እማማ፣ እሱ የእስላም ስም አይደለም እኮ» አላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ስልክ አላነሣችም።

እኔም መሐል ላይ ሆኜ የስማችንን ታሪክ ለማየት ተገደድኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል፤ ከእኛ መሐል አራስ ቤት ያልገባ የለምና።

ከሃይማኖቱ ልጀምር። ሁላችን እንደምናውቀው በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል፣ ፀጉር ይላጫል፣ የፀጉሩ ክብደት ያህል ብር ለድኻ ይሰጣል፣ ስምም ይወጣል። በሐዲስ እንደተላለፈው አላህ ዘንድ ከሁሉ የተወደዱት ስሞች አብዱላህ እና አብዱረሕማን ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትርጉሙ መጥፎ የሆነ ስም ሲያጋጥማቸው ይለውጡ ነበር። የዑመር ልጅ «ዓሲያ» ትባል ነበር፤ «አመፀኛ» ማለት ነው። እሳቸው ለውጠው «ጀሚላ» አሏት፤ «ውብ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የፈርዖን ሚስት የአሲያ ስም ሌላ ነው፣ እሱ መልካም ስም ነው። በዐረብኛ ሁለቱ የሚጻፉት በተለያዩ ፊደላት ነው፤ በእኛ አፍ ግን አንድ ይሆናሉ። ከስልክ ላይ ስም ከማንሣት በፊት ዐረብኛ የሚያውቅ ሼህ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሙስሊም ስም ወደ አገራችን የገባው ከሌላው ዓለም ቀድሞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ከመካ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። መዲና ገና የሙስሊሞች ከተማ ሳትሆን ሐበሻ ውስጥ የሙስሊም ልጅ ተወልዶ ስም ወጥቶለታል። የጃዕፈር እና የአስማ ልጅ አብዱላህ እዚሁ ተወለደ። ኡሙ ኻሊድ የምትባለውም ልጅ እዚሁ ተወልዳ አደገች። ከዓመታት በኋላ ቤተሰቦቿ መዲና ሲገቡ ነቢዩ ጥለት ያለው ልብስ በእጃቸው አለበሷትና ጥለቱን እያሳዩ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ «ያምራል» ማለታቸው ነው። በግእዝ «ሠናይ» የምንለው ቃል መሆኑ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያ የኛን ቃል አልጠሉትም» አለች።

ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ቢላል እንላለን፤ የመጀመሪያው ሙአዚን ሐበሻዊ ስለነበረ። ነጃሺ የሚባሉም አሉ፤ ይህ ግን መጀመሪያውኑ የሰው ስም ሳይሆን ማዕረግ ነው፣ የእኛው «ነጋሢ» ነው። የንጉሡ ስም በዐረብኛ መጻሕፍት አስሐማ ተብሎ ይገኛል። ነቢዩን ያሳደገቻቸው ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመንም ስሟ በረካ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስሙን ይዞ አገር ላገር ያዞረው ማን ነው? የእኛው ሥራ ነው፣ ንግድ። ጀበርቲ ነጋዴዎች ከምጽዋ እስከ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ጎጃምና ወደ ደቡብ ይመላለሱ ነበር። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ ሙስሊሞች በተለየ ሠፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። መሬት መያዝ ለተከለከለ ሰው የቀረው ንግድና እጅ ሥራ ነው። ስለዚህም የሙስሊም ስም ከቅፍለት ጋር ተጓዘ። በየደረሰበትም የአገሩን አፍ ለበሰ፦ ኢድሪስ እንድሪስ ሆነ፣ ኢማም ይማም ሆነ፣ ሙሐመድን ወሎ ሙሄ ብሎ አቆላመጠው፣ ፋጢማም ፋጡማ ተባለች። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ስሙ እንግድነቱን ጨርሶ ቤተኛ ሲሆን እንዲህ ነው።

ወሎ ላይ ደግሞ ስም ከዚህም በላይ ታሪክ አለው። የየጁው ራስ አሊ ክርስቲያን ሆነው ጎንደር ላይ ሲገዙ እንኳ ስማቸው አሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ግን ነገሩ ከረረ። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። መሪው መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት እምቢ ብለው ተነሡ። ተራው ሕዝብ መሐል ደግሞ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረው ብዙ ነው። በዚያ ዘመን ስም ሕይወት የሚያተርፍ ወይም የሚያሳጣ ነገር ነበር። ዛሬም ከወሎ ሰው ሦስት ስም ብትቆጥሩ ራሱ ሐሰን፣ አባቱ ከበደ፣ አያቱ ሰይድ ሊሆን ይችላል። ስሙ የሚነግራችሁ የሰውየውን ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ምን እንዳለፈ ጭምር ነው። ተዋበች፣ ያለምወርቅ፣ ሙሉ እየተባሉ አምስት ሰላት ሲሰግዱ የኖሩ እናቶቻችንም የዚሁ ታሪክ ልጆች ናቸው።

ድንበር ስንሻገርም እንዲሁ ነው። የስዋሂሊ ጎረቤታችን ልትጠይቀን መጥታ «ወንድ ቢሆን ረጀቡ ትሉት ነበር» አለችን። በባሕር ዳርቻው ሰው ልጁን በተወለደበት ቀንና ወር ይጠራል፦ ጁማ ዓርብ ነው፣ ሐሚሲ ሐሙስ ነው፣ ራመዳኒና ሻባኒም በየወራቸው ናቸው። በረካም እዚህ የወንድ ስም ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ለነጋዴ ዋናው ጣጣ ግን ጽሕፈቱ ነው። ሶማልኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ አጻጻፍ አሊ በ«ሲ» ይጀምራል፣ መሐመድም መሐሉ ላይ «ኤክስ» ይገባበታል። ጅቡቲ ደግሞ በፈረንሳይኛ ልማድ ሙሳን «ኦ» እና «ዩ» ደርባ ትጽፋለች። የኛ ወረቀት በእንግሊዝኛ ልማድ ነው። አንድ ስም፣ ሦስት አጻጻፍ። ታናሽ ወንድሜ ሁሴን በፓስፖርቱና በንግድ ፈቃዱ ላይ ስሙ በአንድ ፊደል ተለያይቶ ጭነቱ ኬላ ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆሞበታል። ሽንኩርት ነበር የጫነው፤ የሆነውን ታውቁታላችሁ።

ሌላም አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የልጁ ስም፣ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት እያልን እንሄዳለን። ስለዚህ ዛሬ ለሕፃን የምታወጡት ስም ነገ የልጅ ልጃችሁ ሁለተኛ ስም ነው፣ ከዚያም ሦስተኛው። ወንዱን አብዱልቃድር ብላችሁ መዝገብ ላይ «አብዱ» ብቻ ካስጻፋችሁ ልጆቹ ሁሉ «የባሪያው ልጅ» ሆነው ይቀራሉ፤ የማን ባሪያ እንደሆነ ሳይጻፍ። ቃድር ብላችሁ ብቻውን ከጠራችሁትም የአላህን ስም ለሰው እንደመስጠት ይሆናል የሚሉ ሼሆች አሉ። ሙሉውን አስጽፉ። የልደት ካርዱን ስትቀበሉም እዚያው ቆማችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ያኔ ማስተካከል ቀላል ነው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ስልክ አነሣች። እኔም የዑመርን ልጅ ታሪክ ነገርኳት። «እማዬ፣ ተዋበች ምን ማለት ነው?» አልኳት። «ቆንጆ ሆነች ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው» አለች። «ጀሚላም ያው ነው» አልኳት። ልጄ አጠገቤ ሆኖ ይሰማ ነበር፤ ስልኩን ተቀብሎኝ «እማማ፣ ጀሚላ ብያታለሁ፣ ዱዓ አድርጊላት» አላት። እናቴ ዱዓ አደረገች፣ እኛም አሚን አልን።

ጀሚላ ሞያሌም ብትሄድ ሐርጌሳም ብትሄድ ሞምባሳም ብትሄድ ስሟን የሚያጣምም የለም። ከሚሴ ስትገባ ግን እናቴ ምን ብላ እንደምትጠራት አውቃለሁ።