ልጃቸውን በዊልቸር እየገፉ 32 ጊዜ ቦስተን ማራቶንን የጨረሱት መኮንን፦ ሌተናል ኮሎኔል ዲክ ሆይት ማን ነበሩ?

ማራቶን ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ግን ለወርቅ ብለው ሳይሆን ልጃቸው ስለጠየቃቸው ብቻ መሮጥ ስለጀመሩ አንድ አሜሪካዊ መኮንን እንንገራችሁ።

ዲክ ሆይት የተወለዱት እ.ኤ.አ ጁን 1 ቀን 1940 ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው)። ሙያቸው ውትድርና ነበር። በአየር ናሽናል ጋርድ 37 ዓመት አገልግለው በ1995 በሌተናል ኮሎኔልነት ማዕረግ ጡረታ ወጥተዋል። ዓለም የሚያውቃቸው ግን በዩኒፎርም ሳይሆን በቁምጣ ነው።

👉 «ልጁን ተዉት» የተባሉ ወላጆች

የመጀመሪያ ልጃቸው ሪክ በ1962 ሲወለድ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር አንጎሉ በቂ ኦክስጅን አላገኘም። በዚህም ሴሬብራል ፓልሲ ተከተለ፤ እጅና እግሩን ማዘዝ አይችልም፣ አይናገርም። ሐኪሞች ልጁ ተስፋ ስለሌለው ለማሳደጊያ ተቋም እንዲሰጡት መከሯቸው።

ዲክና ባለቤታቸው ጁዲ ግን እምቢ አሉ። ምክንያቱም አንድ ነገር አይተዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ የሪክ ዓይኖች ይከተሏቸው ነበር። ልጁ መናገር አቃተው እንጂ ሁሉም ነገር ይገባዋል።

ታዲያ ይሄን ማን ይመናቸው? ወደ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሮች ወሰዱት። ቀልድ ሲነግሩት ሪክ ሳቀ! ከዚያ በኋላ ነው ጭንቅላቱን እያንቀሳቀሰ ስክሪን ላይ ፊደል የሚመርጥበት ኮምፒውተር የተሠራለት። በ1972 ለመጀመሪያ ጊዜ «ሲናገር» ሁሉም እማማ ወይም አባባ ይላል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን የቦስተኑን የበረዶ ሆኪ ቡድን ብሩይንስን ደገፈ 😄

መደበኛ ትምህርት ቤት ለማስገባትም ትግል ነበር፤ በተለይ እናቱ ጁዲ ብዙ ለፍተዋል። የገባው በ13 ዓመቱ ነው።

👉 ሩጫው እንዴት ተጀመረ?

በ1977 ሪክ 15 ዓመቱ ነበር። በአደጋ ሰውነቱ ሽባ ለሆነ አንድ ወጣት ስፖርተኛ የ5 ማይል (8 ኪሎ ሜትር ገደማ) የእርዳታ ሩጫ መዘጋጀቱን ሰማና መሳተፍ እፈልጋለሁ አለ። አባቱ የረጅም ርቀት ሯጭ አልነበሩም፤ ግን ዊልቸሩን እየገፉ ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። ማታ ቤት ሲገቡ ሪክ በኮምፒውተሩ የጻፈው ሁሉንም ቀየረው፦ ስሮጥ አካል ጉዳተኛ እንደሆንኩ አይሰማኝም አለ።

በቃ፣ ዲክ ከዚያ አላቆሙም። ሪክ ትምህርት ቤት ሲውል ዊልቸሩ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ጭነው ይለማመዱ ነበር።

ቦስተን ማራቶን በመጀመሪያ በይፋ አልተቀበላቸውም። በአባትየው ሳይሆን በልጁ የዕድሜ ክልል የተቀመጠውን ሰዓት እንዲያሟሉ ተጠየቁ። በ1983 በሌላ ማራቶን 2:45:23 ገብተው አሟሉ። ምርጥ ሰዓታቸው 2:40:47 ነው። ያውም ሰው እየገፉ!

👉 በቁጥር ሲታይ

🔹 ከ1,100 በላይ ውድድሮች አብረው ተሳትፈዋል
🔹 ከነዚህ 72ቱ ማራቶን ናቸው፤ ቦስተንን ብቻ 32 ጊዜ
🔹 አይረንማን ትራያትሎን (3.8 ኪ.ሜ ዋና፣ 180 ኪ.ሜ ብስክሌት፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን) 6 ጊዜ። ሪክን ጀልባ ላይ አድርገው በገመድ እየጎተቱ ይዋኛሉ። ትራያትሎን ሲጀምሩ እኮ ዋና አይችሉም ነበር!
🔹 በ1992 አሜሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሩጫና በብስክሌት በ45 ቀን አቋርጠዋል

ሪክም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በ1993 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመረቀ።

በ2003 ዲክ በሩጫ ላይ ቀለል ያለ የልብ ሕመም አጋጠማቸው። ሲመረመሩ አንዱ የደም ሥር 95 በመቶ ተዘግቷል። በሩጫ የዳበረ ሰውነት ባይኖራቸው ከ15 ዓመት በፊት ይሞቱ እንደነበር ሐኪም ነገራቸው። አባት ልጁን ሮጠለት፣ ልጅም ሳያውቀው የአባቱን ዕድሜ አስረዘመ።

👉 የ2013ቱ ቦስተን

ይሄን ውድድር እናስታውሰዋለን፤ በወንዶች ያሸነፈው የኛው ሌሊሳ ዴሲሳ ነው። ማብቂያው ላይ ቦምብ ሲፈነዳ እነ ዲክ ገና መንገድ ላይ ነበሩ፣ ሩጫው ተቋርጦባቸው ሳይጨርሱ ቀሩ። ሌሊሳ ሜዳሊያውን ለተጎጂዎች መታሰቢያ ለቦስተን ከተማ ሰጠ። ዲክ ደግሞ ያ የመጨረሻ ቦስተናቸው እንዲሆን አስበው ነበር፤ ግን በ2014 በ73 ዓመታቸው ተመልሰው ጨረሱ።

ሌተናል ኮሎኔል ዲክ ሆይት ማርች 17 ቀን 2021 በ80 ዓመታቸው አረፉ። ሪክ በሜይ 2023 በ61 ዓመቱ ተከተላቸው። ዛሬ ማራቶኑ በሚነሳበት ሆፕኪንተን ከተማ የአባትና ልጅ ሐውልት ቆሟል።

በየሰፈራችን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገቡ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን። ሁሉም አባት 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ አይጠበቅበትም። የዲክና የጁዲ ታሪክ የጀመረው በሩጫ ሳይሆን የልጃቸውን ዓይን አይተው «ይገባዋል» ብለው በማመናቸው ነው።

ሪክ ለአባትህ ምን ብታደርግላቸው ትወዳለህ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ይሄ ነበር፦ አባቴ ዊልቸሩ ላይ ቢቀመጥና አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ብገፋው።