ጨለማው ባዶ አልነበረም

እ.ኤ.አ. በ1866 በአሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ በፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። ስሙ ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ነው። አባቱ የሞተው እርሱ ሳይወለድ ነበር። የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ ስለነበር ቤታቸው በችግር ላይ ነው። ትምህርት ቤት የቆየውም ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር።

ሥራው ቀላል ይመስላል። በዚያ ዘመን ፎቶ በትልቁ የሚታተመው በፀሐይ ብርሃን ስለነበር፣ ጣራ ላይ የተተከለው ከባድ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን መከተል ነበረበት። ልጁ መዘውሩን በእጁ ቀስ እያለ ያዞራል። አሰልቺና እንቅልፍ የሚያመጣ ሥራ ነው፤ እርሱ ግን ነቅቶ ጠበቀ።

ወጣት ሲሆን ከደመወዙ ቆጥቦ ቴሌስኮፕ ገዛ። በ1877 ሳይመን ኒውኮም የተባለ ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ ወደ ከተማቸው በመጣ ጊዜ ምክር ጠየቀው። ሊቁም ሒሳብ ሳይማር ብዙ ሊሠራ እንደማይችል ነገረው። ባርናርድ አለቀሰ፤ ከዚያም ሒሳብ መማር ጀመረ። ቀን እየሠራ፣ ሌሊት ሰማይን እያሰሰ ጅራታም ኮከቦችን አገኘ። በ1888 በካሊፎርኒያ ተራራ ላይ በተከፈተው በሊክ የጠፈር ምልከታ ጣቢያ ተቀጠረ።

እዚያም በሚቀጥለው ዓመት፣ ለሰው ፎቶ ማንሻ በተሠራ አሮጌ ሌንስ ፍኖተ ሐሊብን ማንሳት ጀመረ። ዓይናችን ጨለማውን አንዴ ከለመደ በኋላ ደብዛዛ ኮከብን አንድ ሰዓት ብናፈጥበት የበለጠ አናይም፤ ብርሃንን አያጠራቅምምና። ኬሚካል የተቀባው መስታወት ግን ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማል። ችግሩ ምድር መዞሯ ነው፤ ካሜራው ካልተከተላቸው ከዋክብቱ መስመር ሆነው ይወጣሉ። መሣሪያውን የሚያዞር የሰዓት ሞተር ቢኖርም ፍጹም አልነበረም። ስለዚህ ባርናርድ በብርዱ ውስጥ ለሰዓታት ዓይኑን ከመምሪያው ቴሌስኮፕ ሳይነቅል፣ አንዱን ኮከብ በተጠላለፉ ቀጫጭን ክሮች መካከል ይይዝ ነበር። ኮከቡ ፈቀቅ ሲል ይመልሰዋል። በልጅነቱ ጣራ ላይ የተማረው ይህንኑ አልነበረምን?

መስታወቶቹ ሲታጠቡ ለቁጥር የሚያታክቱ ከዋክብት ወጡ፤ በመካከላቸውም ጥቁር ቦታዎች ታዩ። ብዙዎች፣ እርሱም ጭምር፣ ምንም የሌለባቸው ቀዳዳዎች ናቸው ብለው ያስቡ ነበር። በ1913 ክረምት ግን፣ ጨረቃ በሌለችበት አንድ ሌሊት፣ ትንንሽ ደመናዎች በፍኖተ ሐሊብ ፊት ሲያልፉ አየ። የቀለም ጠብታ መስለው ጠቁረው ነበር። በመስታወቶቹ ላይ ያያቸውንም ጥቁር ቦታዎች አስታወሱት። በ1919 የ182 ጥቁር ነገሮችን ዝርዝር አሳተመ። ዛሬ እነዚህ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች መሆናቸውን እናውቃለን፤ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱትም በእንዲህ ዓይነት ደመናዎች ውስጥ ነው። ባዶ የተባለው ስፍራ ማኅፀን ሆኖ ተገኘ።

ባርናርድ በ1923 ሞተ። የድካሙ ፍሬ የሆነው የፍኖተ ሐሊብ የፎቶ አትላስ የታተመው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1927 ነው። መጽሐፉን ታትሞ አላየውም።

ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ በጨለማ ፎቶ ስናነሣ “አትነቃነቅ” ይለናል፤ ጥቂት ሰከንድ መታገሥም ይከብደናል። ከእናንተ መካከል ማንም የማያየው፣ ፍሬውም ያልታየ ሥራ ላይ ያለ ይኖራል። ሱቅ የሚጠብቅ፣ የታመመች እናቱን የሚያስታምም፣ ፈተና ወድቆ እንደገና የሚያጠና። ያ ጊዜ የባከነ ይመስለው ይሆናል። የናሽቪሉ ልጅም መዘውሩን ሲያዞር ለምን እየተዘጋጀ እንደነበር አላወቀም፤ ብቻ እጁን ከመዘውሩ አላነሣም።