ለቅሶ ያልተደረሰላቸው ጃንሆይ



በዚህ መጽሔት በየዓመቱ ስለ መዋጮው፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ ይጻፋል። ዘንድሮ ግን ደሃና ተወልደን ያደግን ጥቂት አባላት ተሰባስበን፣ በልጅነታችን ሳይለቀስ ስለ ቀረ አንድ ለቅሶ ልናወጋችሁ ወደናል።

ጊዜው ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ነው። እንደሚታወቀው በዋግ ነሐሴ የሻደይ ወር ነው። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከ16 እስከ 21 ድረስ፣ ልጃገረዶች ሻደዩን ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ በየደጁ ይጨፍራሉ፤ እኛም እንከተላለን። የዚያን ዓመት ሻደይ ባበቃ ማግስት፣ በ22፣ ራዲዮ ጃንሆይ በሕመም ማረፋቸውን ተናገረ። እኛ ዘንድ ወሬው የደረሰው ዘግይቶ ነው። መንገድ የለ፣ ስልክ የለ፤ ራዲዮ የሰማ አምደወርቅ ገበያ ላይ ለአንዱ ይነግራል፣ ያም ለሌላው።

ታዲያ እኛ ልጆቹ ትልቅ ነገር ጠበቅን። በአገራችን አንድ ባላባት ሲሞት መርዶ ይነገራል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል፣ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሰዉ ደረቱን ይመታል። የባላባት ሞት እንዲህ ካደረገ የንጉሥማ እንዴት ይሆን! ተራራው ሁሉ የሚያለቅስ መስሎን ነበር።

ምንም አልሆነም። ሰዉ እንደ ወትሮው አረሙን አረመ፣ ከብቱን አሰማራ። ከመካከላችን የአንደኛችን አያት ብቻ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ጓዳ ገቡ። «እማማ፣ ማን ሞቶ ነው?» ብንላቸው፣ «ዝም በሉ ልጆቼ፣ ሰው ይሰማል» አሉን። ንጉሥ ሞቶ ለቅሶው በሹክሹክታ ሲሆን ያየነው ያኔ ነው።

ዝምታው ግን ሁሉ ከፍርሃት የመጣ አልነበረም። ፍርሃቱስ ነበር፤ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን ከዙፋን ወርደዋል፣ ኅዳር 14 ቀን ስልሳ ያህል ባለሥልጣናት ተረሽነዋል። ነገር ግን ቂምም ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ወሎን ሲፈጀው የኛ የዋግ አውራጃም ያው ወሎ ውስጥ ነበር። የሞተው ሰው በአሥር ሺህዎች ይቆጠራል፤ የጃንሆይ መንግሥት ግን ረሃቡን ደብቆ ቆየ። በዚያው በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን ደግሞ መሬት ለገበሬው ታወጀ። ስለዚህ የጃንሆይን ሞት የሰማ አንድ ጎረቤታችን፣ ሁለት ልጆቹን በድርቁ የቀበረ ሰው፣ «የኔን ልጆች ማን አለቀሰላቸው?» ብሎ ሞፈሩን አንሥቶ ሄደ። ያን ጊዜ ክፉ ሰው መሰለን። ዛሬ ግን እንዲያ አንልም። በድርቁ የሞቱት በየመንገዱ ወድቀው፣ ብዙዎቹ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ንፍሮ፣ ያለ ተዝካር ነው አፈር የለበሱት። አልቃሹም ራሱ ደክሞ ነበርና።

የሕዝቡን ሞት የደበቀ መንግሥት፣ የራሱ ንጉሥ ሞት ደግሞ በተራው ተደበቀበት። የደርግ ባለሥልጣናት ኋላ በፍርድ ቤት በቀረበባቸው ክስ ጃንሆይ ታንቀው መገደላቸው ተገልጿል። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ። ከዚያም በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከእቴጌ መነን ጎን አረፈ። ከሞታቸው እስከ ቀብራቸው 25 ዓመት! የዘውዳቸው ሰባኛ ዓመት ከሞላ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። አርበኞች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው አጅበዋቸው ነበር።

ነገሩ በጃንሆይ አልተጀመረም። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። የኛው አገር ሰው ዋግሹም ጎበዜም፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ተሸንፈው፣ በእስር ላይ ነው የሞቱት።

ልጆቻችን ደግሞ ሌላውን አዩ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. አርፈው በማግስቱ፣ ማለት የሻደይ ዋዜማ፣ በቴሌቪዥን ተነገረ። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ በየከተማው ድንኳን ተተከለ፣ ሕዝብ በሰልፍ አለቀሰ። ነሐሴ 27 ቀን እዚያው ሥላሴ ተቀበሩ። አንዱ በ13 ቀን፣ አንዱ በ25 ዓመት፤ ቦታው ግን አንድ ግቢ። የልጅ ልጆቻችን «እናንተስ ለንጉሣችሁ እንዴት አለቀሳችሁ?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰው አጥተን ነበር።

እኛ ይህን የጻፍነው ለንጉሥ ለመሟገት አይደለም፤ በንጉሥ ለመፍረድም አይደለም። እድር ማለት ሀብታም ደሃ ሳይል ለሞተ ሁሉ ድንኳን መትከል ነው። ለጃንሆይስ ዘግይቶም ቢሆን ደወል ተደውሏል። የዚያ የጎረቤታችን ልጆች ግን እስከ ዛሬ ስማቸውን የጠራ የለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከደሃና በረሃብ የሞተ ዘመድ ያላችሁ፣ የሟቹን ስም ከነመንደሩ ለእድራችን ጸሐፊ አስመዝግቡ። ያየነው ሰዎች እያለቅን ነው። ስሙ ሲሰበሰብ በዓመታዊው ስብሰባችን ቀን ቆመን እናነበዋለን፣ ፍትሐቱንም ካህናቱ ያደርሱልናል። ለቅሶ ቢዘገይም ዕዳ ነውና አይቀርም።