ራጅ ያላየው ጨው

የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት የነበረው ቻርልስ 5ኛ በ1558 ሞተ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጣቱ አንዲት አንጓ ግን ተለይታ ስፔን ውስጥ ኤል ኤስኮሪያል ገዳም ተቀምጣ ኖረች። በ2006 የታተመ ጥናት አንጓዋን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር አጥንቱ ተቦርቡሮ፣ የበላውም የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ሆኖ ተገኘ። ሰውየውን ለብዙ ዓመታት ያሰቃየው ሪህ ነበር።

እኛ ዘንድ መገጣጠሚያን የሚያም ነገር ሁሉ ሪህ ነው፤ ጉልበታቸውን ያመማቸው እናትም ብርድ የመታው ዘበኛም እኩል ይጠሩታል። እዚህ የማወራው ስለ አንዱ ብቻ ነው፦ ደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ረግቶ እንደ መርፌ የሾለ ጨው ስለሚሆንበት። ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል። አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል።

የራጅን ጨረር የፊዚክስ ሊቁ ሮንትገን ያገኘው በ1895 መገባደጃ ነው። በ1896 ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣልያን ጦር ሐኪም ኔፕልስ ላይ፣ ከኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በዚሁ ጨረር ፈለገ። (ራጅ የሚለውንም ቃል የወረስነው ከጣልያንኛ ነው።) ጥይት ጨረር ስለማያሳልፍ ፊልሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል። የሪህ ጨው ግን ከሥጋ ብዙ ስለማይለይ ጨረሩ ሰንጥቆት ያልፋል። ስለዚህ ራጅ ለዘመናት ያሳየን ሌባውን ሳይሆን የሰበረውን በር ነው፤ አይጥ የበላው የሚመስል አጥንት። በ1968 የራጅ ሐኪሙ ዊልያም ማርቴል ከቁስሉ አፍ ላይ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለውን የአጥንት ጠርዝ የሪህ ምልክት ብሎ ገለጸው። ጥሩ ምልክት ነው። የሚታየው ግን ከመጀመሪያው ሕመም ዓመታት ቆይቶ መሆኑ ነው ጣጣው።

ጨዉን ራሱን ያሳየ መርፌ ነው። በ1961 ሐኪሞቹ ማካርቲና ሆላንደር ከመገጣጠሚያ የቀዱትን ፈሳሽ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ አይተው ክሪስታሉን ለዩት። ያበጠ አውራ ጣት ላይ መርፌ መውጋት ምን እንደሚመስል የተወጋ ይንገራችሁ።

አልትራሳውንድ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ጨዉ ልስልሱን አጥንት እንደ አመዳይ ስለሚለብሰው፣ ከአጥንቱ መስመር በላይ ሌላ ነጭ መስመር ተጓዳኝ ሆኖ ይታያል። ጨረር የለው፣ ርካሽም ነው፤ የያዘው እጅ ግን ይወስነዋል።

የሲቲ ስካን አባት ሃውንስፊልድ አንድን አካል በሁለት የጨረር ኃይል ማንሳት እንደሚቻል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጠቁሞ ነበር። ሁለት የጨረር ቱቦ ያለው ማሽን የደረሰው በ2006 ነው። ካልሲየም ኃይሉ ዝቅ ያለውን ጨረር በብዛት ይውጣል፤ ዩሪክ አሲድ ግን ልዩነቱን ያን ያህል አያውቀውም። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ምስል አወዳድሮ ጨዉን አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ይቀባዋል። ከጨረር ከመቶ ዓመት በላይ የተሰወረው ነገር በቀለም ወጣ።

በ2015 የአሜሪካና የአውሮፓ የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት መመዘኛ ምስል ነጥብ ያስቆጥራል፤ ብቻውን የሚፈርደው ግን ዛሬም በመርፌ የተቀዳ ክሪስታል ነው። ተገቢ ይመስለኛል። ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ ጨዉ ጥቂት ሳለ፣ ባለ ሁለት ቱቦው ውድ ማሽን ምንም ሳያይ ሊያልፍ ይችላል፤ ሪህ የሚባል በሌለበት እግር ላይ ደግሞ አንዳንዴ ጥፍሩን አረንጓዴ ቀብቶ ያወጣዋል።