የግመል ስም ወደ እንግሊዝ አገር የተጓዘበት መንገድ

እንግሊዞች ግመልን «ካሜል» ይሉታል። ሁለቱ ስሞች መመሳሰላቸው ከማንም የተሰወረ አይደለም፤ ነገር ግን ከዚሁ ተነሥቶ «እንግሊዞች ቃሉን ከግዕዝ ወሰዱት» ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል መምህር አይጠፋም። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ግን ምስክሮቹ ሊሰሙ ይገባል።

ስሙ ተጽፎ ከሚገኝባቸው ጥንታውያን ሰነዶች አንዱ የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ ስልምናሶር ያስቀረጸው ድንጋይ ነው፤ ዛሬ የሚገኘውም በለንደን ቤተ መዘክር ውስጥ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ853 ዓመት፣ በሶርያ ምድር በቀርቀር በተደረገው ጦርነት ጊንዲቡ የተባለ ዓረብ ከ1,000 ግመሎች ጋር ተሰልፎ እንደ ነበረ ሲናገር፣ እንስሳውን «ገማሉ» ይለዋል። ዕብራይስጡ «ጋማል»፣ ዓረብኛው «ጀመል»፣ ግዕዙም «ገመል» ይላል። እነዚህ ሁሉ የሴም ቋንቋዎች እኅትማማች ናቸውና፣ ግዕዝ ለእንግሊዝኛው ቃል እናቱ ሳይሆን አክስቱ ነው ማለት ለእውነት ይቀርባል።

ግሪኮች ስሙን ከሴም ወገኖች ተቀብለው «ካሜሎስ» አሉት። ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው፣ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ በሰርዴስ አጠገብ ግመሎቹን ከፊት ቢያሰልፍ፣ የክሩሶስ ፈረሶች ሽታቸውን መቋቋም ተስኗቸው ወደ ኋላ ሸሹ። ሮማውያንም «ካሜሉስ» አሉ፤ ሊቁ ቫሮ እንስሳው የሶርያ ስሙን እንደ ያዘ ወደ ላቲን አገር መግባቱን አልሸሸገም።

ግመል የማይረባበት የእንግሊዝ አገር ነገር ግን ሌላ ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ወንጌል የመጥምቁ ዮሐንስን ልብስ ሲያወሳ፣ ግመሉን «ኦልፌንድ» ብሎታል፤ ይህም ከዝሆን ስም የመጣ ነው ይባላል! ዝሆንንም ግመልንም በስም ብቻ ለሚያውቅ ሕዝብ መደባለቁ አይፈረድበትም። በ10ኛው መቶ ዓመት ግን አልድሬድ የተባለ ቄስ በሊንዲስፋርን የላቲን ወንጌል መስመሮች መካከል የእንግሊዝኛ ትርጕም ሲያገባ፣ የላቲኑን ስም ተጠቀመ። በ1066 ኖርማኖች አገሪቱን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛው አነጋገር ስሙን አጸናው፤ «ኦልፌንድ»ም ተረሳ።

ካሜል የሚጻፍበት የመጀመሪያው ፊደል «ሲ» እንኳ ከግሪኩ ጋማ የወረደ ነው፤ ጋማም ከፊንቄ ጊሜል፣ ይኸውም የግዕዙ «ገምል» ወንድም። የፊደሉ ስም ከግመል መጣ የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ሌሎች ግን ጥንታዊ ቅርጹ የሚወረወር በትር እንጂ ግመል አይደለም ይላሉ።